ጂማችሁን ከማስፋታችሁ በፊት ቆማችሁ ቁጠሩ

ሰላም ወገኖች። ሰሞኑን በሰው አገር የሚኖሩ የአገር ልጆች እየደወሉ የቅንጦት ጂማቸውን ስለማስፋት ያማክሩኛል። አንዱ ከጎኑ የተለቀቀውን ቤት ሊጨምር ነው። አንዷ ሁለተኛ ፎቅ ልትከራይ ነው። ሌላው ማሽን ሻጮች በነጻ የሠሩለትን ፕላን ልኮልኛል። ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው፦ «ምን ምን ማሽን ልጨምር?»

እኔ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ሌላ ነው። ሰው ከሥራ ወጥቶ በሚጎርፍበት ሰዓት ቤታችሁ ውስጥ ስንት ሰው አለ? የት የት ቆሟል? ምን እየጠበቀ ነው? አብዛኞቹ የአባላቱን ብዛት ይነግሩኛል። እሱ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ሺህ አባል ያለው ቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ መቶ ሰው ላይገኝ ይችላል። ፕላን የሚሠራው በጣም ለሚጨናነቀው ሰዓት ነው።

ስለራሴ በአጭሩ ልንገራችሁ። በሰው አገር ጂም የገባሁት በጽዳት ነው። ከዚያ እንግዳ ተቀባይ ሆንኩ፣ ከዚያ አሠልጣኝ፣ ከዚያ ሥራ አስኪያጅ። አሁን የራሴ ጂም አለኝ፤ ሁለት ጊዜ አስፍቼዋለሁ። በመጀመሪያው ማስፋፊያ የሠራሁት ስህተት ብዙ ገንዘብና ብዙ ደንበኛ አሳጥቶኛል። ይህን የምጽፍላችሁ እናንተም በድርብ ፈረቃ ያጠራቀማችሁት እዚያው ጉድጓድ እንዳይገባ ነው።

ያኔ የስፖርት መሥሪያውን ወለል በእጥፍ አሳደግሁት። አዳዲስ ማሽኖች ደረደርኩ። መብራቱ፣ ቀለሙ፣ መስታወቱ ሁሉ ያምር ነበር። የልብስ መቀየሪያውንና ሻወሩን ግን እንደነበረ ተውኩት። «ለጊዜው ይበቃል» አልኩ። በሦስተኛው ወር አንድ ማለዳ ሴቶች መቀየሪያ ክፍል ስገባ አንዲት የቆየች ደንበኛዬን አየኋት። ፀጉሯ ይንጠባጠባል። በአንድ እጇ ጫማዋን፣ በሌላው ቦርሳዋን ይዛለች። የነበሩት ፀጉር ማድረቂያዎች ሁለት ናቸው፤ ከፊቷ አራት ሴቶች ተሰልፈዋል። ሰዓቷን አየች። ፀጉሯን በላስቲክ ጠቅልላ አስራ እንደረጠበ ወጣች። በወሩ መጨረሻ አባልነቷን ሰረዘች። ምክንያቱን ስጠይቃት «ማሽኖቻችሁ ጥሩ ናቸው፤ ግን ከዚህ ተነስቼ ሥራ መግባት አልቻልኩም» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የቅንጦት ጂም ለእኔ ሰው የማይጠብቅበት፣ ሽታ የሌለበት፣ ጆሮ የሚያርፍበት ቤት ነው። ውድ የሚከፍል ሰው ወረፋ ካገኘ ርካሹ ጂም ይሻለዋል። እብነ በረዱና ውዱ መብራት ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። አርክቴክት ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ሙሉ ሳምንት ቆማችሁ ቁጠሩ። ወረቀት ያዙ። በየ15 ደቂቃው ስንት ሰው ትሬድሚል (መሮጫ ማሽን) ላይ እንዳለ፣ ስንቱ ክብደት ማንሻው ጋ፣ ስንቱ ሻወር ውስጥ፣ ስንቱ ቁጭ ብሎ ስልኩን እየነካካ ወረፋ እንደሚጠብቅ ጻፉ። ሰው በተጨናነቀበት ሰዓት እንኳ ባዶውን የቆመ ማሽን ታገኛላችሁ። እሱን ለማብዛት ካሬ አትከራዩ። በሌላ በኩል ሁሌም ሰው የሚከበው ነገር አለ። ወደ እሱ ነው ማስፋት።

አንድ ነገር ደግሞ በነጻ የሚስተካከል ነው። 25 ሰው የሚይዝ ክፍል ውስጥ አንዱ የቡድን ስፖርት ትምህርት አልቆ ሌላው ወዲያው ሲጀምር 50 ሰው በአንድ ጊዜ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ይገናኛል። ሎከር የሚያጥረው፣ ሻወር የሚሰለፈው ያን ጊዜ ነው። በሁለቱ መካከል 20 ደቂቃ ብታስገቡ የግማሹ ችግር ይቃለላል። እኔ ይህን ያወቅሁት አዲስ ሎከር ካሠራሁ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ፕላኑ እንምጣ። ማሽን ሻጭ የሚሠራው ፕላን ላይ ማሽኑ አለ፤ ሰውዬው ግን የለም። ትሬድሚል በወረቀት ላይ ትንሽ ሳጥን ነው። ከኋላው ግን 2 ሜትር፣ ከግራና ከቀኙ ግማሽ ግማሽ ሜትር ባዶ መሆን አለበት፤ ሰው ቢወድቅ የሚወረወርበት ቦታ ነው። ከኋላው ግድግዳ ካለ የሚሽከረከረው የመሮጫ ቀበቶ ሰውን ከግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። የኦሎምፒክ ባርቤል ዘንግ ርዝመቱ 2.2 ሜትር ነው። በሁለቱም ጫፍ ክብደት የሚያስገባ ሰው መቆሚያ ይፈልጋል፤ ከጀርባውም ሌላ ሰው ያልፋል። ፒላቴስ የሚባለው ሰውነት ማጠናከሪያ የሚሠራበት አልጋም 2.4 ሜትር ገደማ ነው፤ እግርና እጅ ሲዘረጋ ደግሞ ወደ ጎን ይሰፋል።

ይህን በኮምፒውተር ስታዩት አይገባችሁም። ባዶው ወለል ላይ የቀለም ቀቢዎች ፕላስተር ለጥፉ። እያንዳንዱን ማሽን በልኩ አስምሩ። ከዚያ አራት አምስት ጓደኞቻችሁን ጥሩና ዳምቤል አስይዛችሁ አመላልሷቸው። አንዱ ይተኛ፣ አንዱ ያንሳ፣ አንዱ በመሃል ይለፍ። በሁለተኛው ማስፋፊያዬ እንዲህ ሳደርግ ከፕላኑ ላይ 6 ማሽን ሰረዝኩ። ሻጩ ደስ አላለውም። ደንበኞቼ ግን እስከ ዛሬ «ቤቱ ሰፊ ነው» ይሉኛል።

መስታወት ስታሰቅሉ ከወለሉ 50 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። የኦሎምፒክ ትልቁ ክብደት ዲያሜትሩ 45 ሴንቲሜትር ነው፤ ተንከባሎ ግድግዳ ቢመታ መስታወቱን አይነካም።

ፎቅ ላይ ልትወጡ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ እዚህ ጋ ቀስ በሉ። በአሜሪካ የግንባታ ደንብ የቢሮ ወለል የሚሰላው በአንድ ካሬ ጫማ 50 ፓውንድ እንዲሸከም ነው። ጂም ግን 100 ፓውንድ ይጠየቃል። አውሮፓም በአንድ ካሬ ሜትር 5 ኪሎኒውተን ይጠይቃል፤ ሲመነዘር ያው ነው። ስለዚህ ቢሮ የነበረ ፎቅ ለጂም ከሚያስፈልገው ግማሹን ብቻ እንዲሸከም ታስቦ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የስትራክቸር መሐንዲስ በጽሑፍ «ይችላል» ሳይላችሁ ፊርማ እንዳታኖሩ። አከራዩ «ችግር የለም» ማለቱ ዋስትና አይሆንም።

ድምፁ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ክብደት ሲወድቅ የሚሰማው ጩኸት ቀላሉ ነው። የሚያጣላው በኮንክሪቱ ውስጥ የሚሄደው ንዝረት ነው። ጎማ ምንጣፍ ወለሉን ከመሰንጠቅ ያድነዋል፤ ንዝረቱን ግን ሙሉ በሙሉ አያቆመውም። እንደኔ ከባድ ክብደት ምድር ላይ ይሁን፤ ዮጋ፣ ፒላቴስና ጡንቻ ማፍታቻ ፎቅ ይውጣ። አማራጭ ከጠፋ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አከራዩን አስፈቅዳችሁ ሙከራ አድርጉ። አንድ ጓደኛችሁ ላይ ሆኖ ጎማው ላይ ክብደት ይጣል። እናንተ ከታች ካለው ጎረቤት ጋር ቁሙ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የብርጭቆ ውሃ እዩ። ውሃው ከተንቀጠቀጠ ልዩ ወለል የሚሠራ ባለሙያ ያስፈልጋችኋል፤ ወጪውንም ከኪራዩ ጋር ደምራችሁ አስቡት። እኔ የማውቀው አንድ ወገን ይህን ሳያደርግ ገብቶ ከታች ባለው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ምክንያት ቀን ቀን ክብደት እንዳይጣል ተከልክሏል። ደንበኞቹ በዚያው ቀሩ።

አየር ላይ አትቆጥቡ። የስፖርት ቦታ ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ እርጥበቱም ከ60 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ብዙ ሰው ኤሲ ካለ አየር ያለ ይመስለዋል። ተራ ኤሲ ግን ያንኑ የተነፈሰ አየር አቀዝቅዞ ይመልሰዋል። ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያስገባ፣ የቆየውን የሚያስወጣ መሣሪያ ለብቻው ይታሰብ። 25 ሰው የሚጋልብበት የብስክሌት ክፍል የራሱ መቆጣጠሪያ ይኑረው፤ አጠገቡ ያለው ዮጋ ክፍል ብርድ እንዳይሆን። መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ የሚወጣው አየር ከሚገባው ይብለጥ። ያኔ በሩ ሲከፈት አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ሽታው ወደ እንግዳ መቀበያው አይመጣም።

ውሃም እንዲሁ። አንድ ሻወር በደቂቃ 9 ሊትር ያህል ያፈሳል ብላችሁ አስሉ። 12 ሻወር ለ20 ደቂቃ ሳይቋረጥ ከተከፈተ 2,160 ሊትር ነው። ማሞቂያችሁ ይህን ይችላል? ካልቻለ በጣም ውድ የሆነው ጂማችሁ ውስጥ ደንበኛ ሳሙና እንደተቀባ በቀዝቃዛ ውሃ ይጮሃል። ደግሞ አደጋ አለው። ሌጂዮኔላ የሚባለው ሳንባ የሚያጠቃ ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ ከሻወር በሚረጨው ጉም ይተነፈሳል። ስለዚህ ሙቅ ውሃ የሚከማቸው በ60 ዲግሪ ነው። ሰው እንዳይቃጠል ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅለው ቫልቭ ወደ ሻወሩ ቅርብ ይሁን። ብዙም የማይከፈተውን ሻወር በየሳምንቱ ክፈቱትና ይፍሰስ።

ሳውና፣ ስቲም (የእንፋሎት ክፍል)፣ ቀዝቃዛ መንከሪያ፦ ሁሉም ሰው ሦስቱንም ይፈልጋል። እኔ ግን አንዱን አሳምራችሁ ያዙ እላለሁ። ሳውና ደረቅ ሙቀት ነው፣ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሦስቱ ውስጥ ለመያዝ ቀላሉ እሱ ነው። ስቲም 45 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም እርጥበቱ 100 በመቶ ይጠጋል፣ ቤት የሚያበላሸውም እሱ ነው። ሴራሚክ ብቻውን ውሃ አያግድም። ከሴራሚኩ ጀርባ ግድግዳውም፣ ወለሉም፣ ጣሪያውም ውሃና እንፋሎት በማያሳልፍ ሽፋን መታሸግ አለበት። ጣሪያው ደግሞ ዘንበል ይበል፤ አለበለዚያ የጤዛው ጠብታ ሰው አናት ላይ ይወርዳል። ኮንትራክተራችሁ ስለ ጣሪያው መዘንበል ሳትጠይቁት ካላነሳ፣ ስቲም ሠርቶ አያውቅም ማለት ነው። ቀዝቃዛ መንከሪያ የሚሆነው ውሃውን በየቀኑ የሚለካ ሰው ካላችሁ ብቻ ነው።

ፎጣ እንሰጣለን የምትሉ ካላችሁ ይህን ቁጠሩ። በቀን 400 ሰው ቢመጣና እያንዳንዱ 2 ፎጣ ቢወስድ 800 ፎጣ ነው። አንዱ 450 ግራም ቢመዝን በቀን 360 ኪሎ ደረቅ ልብስ ታጠበ ማለት ነው። ያየኋቸው ብዙ ፕላኖች ላይ ግን ልብስ ማጠቢያ ክፍል የለም። ማጠቢያው ማፍሰሻ፣ ማድረቂያው የሙቅ አየር ማስወጫ ይፈልጋል። ከማድረቂያው የሚወጣው ብናኝ በየቀኑ ካልተጠረገ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ቦታ ከሌላችሁ ለልብስ አጣቢ ድርጅት ስጡት።

የጁስ ባር ጉዳይ መጨረሻ ይምጣ። የልጆች መቆያ ልትከፍቱ ካሰባችሁ የተለየ ፈቃድ ሊጠይቃችሁ ስለሚችል ቀድማችሁ አጣሩ። ለግል አሠልጣኞች ግን በር ያለው ትንሽ ክፍል ስጧቸው። ሰው ክብደቱንና ሕመሙን በሰው ፊት መናገር አይወድም።

አካል ጉዳተኛ ደንበኛን ከመጀመሪያው መስመር አስገቡት። በአሜሪካ ሕግ ከእያንዳንዱ የማሽን ዓይነት ቢያንስ አንዱ አጠገብ በዊልቸር የሚቆምበት 76 በ122 ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ፣ ወደ እሱም የሚያደርስ መንገድ መኖር አለበት። ሌላም አገር ያላችሁ የየአገራችሁን ደንብ ጠይቁ። የልብ ምት መመለሻ መሣሪያውን ደግሞ ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ልቡ የቆመ ሰው ያለ እርዳታ በቆየ ቁጥር የመዳን ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ከቤቱ ጥግ እየሮጣችሁ መሣሪያውን አምጥታችሁ ሰዓት ያዙ። ማስፋፊያው ቤቱን ስላረዘመው አንድ መሣሪያ የነበረው ቤት ሁለት ሊፈልግ ይችላል።

ግንባታው ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ሻወርና መቀየሪያውን አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ የስፖርት ወለሉ ይከተል። ፈቃዱ እጃችሁ ሳይገባ «በዚህ ቀን እንከፍታለን» ብላችሁ አባልነት አትሽጡ። የኪራይ ውሉን በጠበቃ አስነብቡ፤ ቋንቋውን እንችላለን ብንል እንኳ የውል ቋንቋ ሌላ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ኤሲ ሲበላሽ የሚያሠራው ማን እንደሆነ፣ ስትወጡ ያሠራችሁት ሻወር የማን እንደሚሆን ተጽፎ ይኑር። ኮንትራክተሩ የአገር ልጅ ቢሆንም በውል ሥሩ። ዝምድናውን የሚያተርፈው ውሉ ነው።

በመጨረሻ ፕላኑን ከመፈረማችሁ በፊት ለጽዳት ሠራተኞቻችሁ አሳዩአቸው። ሻይ ጋብዟቸው፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉላቸው። ባልዲ የሚሞላው የት ነው? ቆሻሻው ውሃ የሚደፋው የት ነው? የማጽጃ ማሽኑ ሶኬት በስንት ሜትር ርቀት ላይ ነው? ያኔ እኔ ስሠራ ባልዲዬን የምሞላው ደንበኞች እጃቸውን በሚታጠቡበት ገንዳ ነበር፤ መጥረጊያዬም ከሳውናው በር ጎን ይቆም ነበር። አሁን በእኔ ቤት በየወለሉ የራሱ ቧንቧና ማፍሰሻ ያለው የጽዳት ክፍል አለ። ስፋቱ 2 ካሬ ነው።