ባለ መሐላው ለምን ዋሸ?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ያስተናገድናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ በጠረጴዛ ዙሪያ ስለሚደረጉ የሚና ጨዋታዎችና ከእነርሱ ስለሚወለዱ የድምፅ ትረካዎች የተጻፉ ናቸው። ለጉዳዩ አዲስ ለሆኑ አንባቢያን ያህል፣ በእነዚህ ጨዋታዎች እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አጫዋቹ ዓለሙን፣ ጠላቱንና መንገደኛውን ሁሉ ይወክላል፤ አንድ አጠራጣሪ ድርጊት መሳካቱን ወይም መክሸፉን ደግሞ ዳይሱ ይወስናል።

ጥያቄ፦ በምንጫወተው ዘመቻ፣ ማለትም በተከታታይ ምሽቶች በሚቀጥለው ታሪክ ውስጥ ባለ መሐላ ጦረኛ (ፓላዲን) ነኝ። በገጸ ባሕርዬ መግለጫ ወረቀት ላይ «ሥርዓት አክባሪና ደግ» ተብሎ ተጽፏል። ባለፈው ጨዋታችን ሦስት ልጆችን ከሚያሳድዷቸው ሰዎች ለማስመለጥ በጋሪ ላይ በገለባ ሸፍኛቸው ስሻገር የበሩ ዘበኛ «ምን ጭነሃል?» ቢለኝ «ገለባ ብቻ» ብዬ መለስኩለት። አጫዋቻችን «ዋሽተሃል» ብሎ የመሐላ ኃይሌን በሙሉ ነጠቀኝ። ጨዋታውን ጥዬ ልወጣ ምንም አልቀረኝም። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ፍርዳችንን ሳንሸሽግ እንናገር፤ የተሳሳቱት አጫዋችዎ ናቸው። የተሳሳቱት ግን ውሸትን ጥፋት ብለው በመቁጠራቸው አይደለም። መሐላ የገባ ሰው ሲዋሽ ቅር ሊለው ይገባል፤ አለዚያ መሐላው ለጌጥ የተንጠለጠለ ነገር ይሆናል። ስሕተታቸው በወረቀቱ ላይ የሰፈሩትን ሁለት ቃላት እንደ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ማንበባቸውና ቅጣቱንም አስቀድመው ሳያስታውቁ ማውረዳቸው ነው።

ቃላቱ ከየት እንደመጡ ማወቅ ክርክሩን ያበርደዋል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በተባለው የሚና ጨዋታ ውስጥ አሰላለፎቹ፣ ማለትም የገጸ ባሕርዩን ወገን የሚናገሩት ቃላት፣ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሥርዓት፣ ገለልተኝነትና ሁከት። ጨዋታው ከጦር ሜዳ ጨዋታዎች የተገኘ በመሆኑ ቃላቱ የሚናገሩት ስለ ሰው ልብ ከመሆን ይልቅ ስለ ጎራ ነበር፤ ፍጥረታቱ በዓምድ በዓምድ ተደርድረው ማን ከማን ጋር እንደሚቆም ይነበብ ነበር። (እኛም በዚህ ዓምድ ከ«ባሕርይ» ይልቅ «አሰላለፍ» የሚለውን ቃል የመረጥነው ለዚህ ነው።) ጋይጋክስ በ1976 ባሳተሙት አንድ ጽሑፍ የሥርዓትና የሁከትን መስመር በደግነትና በክፋት መስመር አቋረጡት፤ በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መመሪያ ደግሞ ዛሬ ተጫዋች ሁሉ የሚጠቅሳቸው ዘጠኙ አሰላለፎች ተሟልተው ቀረቡ።

እርስዎን የሚጠቅመው ነገር ያለው በዚያው በ1978ቱ መመሪያ ውስጥ ነው። መመሪያው በፓላዲን ላይ እጅግ ጥብቅ ነው፤ ሆኖም ሁለት ዓይነት ጥፋቶችን ለይቶ ያያል። ፓላዲኑ አውቆና ፈቅዶ ክፉ ሥራ ከሠራ ማዕረጉን ወዲያውኑና ለዘለቄታው ያጣል። እያወቀ የሁከት ሥራ የሠራ እንደሆነ ግን ከፍ ያለ ደረጃ ያለው፣ እርሱን የመሰለ ሥርዓት አክባሪና ደግ ካህን ፈልጎ ይናዘዛል፤ የታዘዘለትንም ንስሐ ይፈጽማል። ሦስት ልጆችን ለማትረፍ የተነገረ አንድ ቃል ከክፉ ሥራ ጋር ሊመደብ አይችልም። እንግዲህ የድሮውን ጥብቅ ሕግ ቃል በቃል ብንከተል እንኳ የእርስዎ መንገድ ወደ ኑዛዜ የሚወስድ ነበር እንጂ ወደ መገፈፍ አልነበረም። የጨዋታው የኋለኞቹ እትሞች ደግሞ ይበልጥ ለቀቅ ያሉ ናቸው፤ የ2008ቱ ዘጠኙን ወደ አምስት ዝቅ ሲያደርጋቸው፣ የ2014ቱ ዘጠኙን መልሶ የፓላዲንን ኃይል ከአሰላለፉ ይልቅ ከገባው መሐላ ጋር አያይዞታል።

አጫዋችዎ ያባከኑት ዕድል ግን ከሕጉ በላይ ያስቆጨናል። ካህኑን ወደ መድረክ አምጥተዋቸው ቢሆን ኖሮስ? ካህኑ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ፤ ከዚያም «ልጆቹ ከሚያሳድዷቸው ሰዎች እጅ ወጥተዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። «አዎን» ሲሏቸው «እንግዲያው ተመለስና ለዘበኛው እውነቱን ንገረው» ይላሉ። ፓላዲኑ ወደዚያ በር ሲመለስ በቦታው ላይ ሌላ ዘበኛ ያገኛል፤ የቀድሞው ያቺን ጋሪ ሳይፈትሽ በማሳለፉ ታስሯል። አሁን ውሸቱ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ሌላ ሰው ነው። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ምሽት የሚበቃ ጨዋታም ከዚህ ይወጣል።

አጫዋችዎ ሥነ ምግባርን በቁጥር መያዝ የሚወዱ ከሆነ የግሬግ ስታፎርድን ፔንድራገን ያሳዩዋቸው። በ1985 የወጣው ይህ ጨዋታ ባሕርያትን በ13 ጥንዶች ያስቀምጣል፤ የእያንዳንዱ ጥንድ ድምር 20 ነው። ይቅር ባይነትዎ 14 ከሆነ ቂመኝነትዎ 6 ይሆናል። ፈተና ሲመጣ ባለ 20 ገጹን ዳይስ ይጥላሉ፤ 14 ወይም ከዚያ በታች ከወጣ ይቅር ብለዋል። ካልወጣ ለቂሙ ይጥላሉ፤ ሁለቱም ካልተሳኩ ምርጫው የራስዎ ነው። ሰው ራሱን በሙሉ እንደማያዝ እኛ ከዘጠኙ አሰላለፎች ይልቅ ከዚህ ጨዋታ ተምረናል።

ጥያቄ፦ እኔ አጫዋች ነኝ። አንዱ ተጫዋቻችን ክፉ ገጸ ባሕርይ ይዞ የጓዶቹን ዕቃ ይሰርቃል፣ ምስክር ይገድላል፤ ስንቆጣውም «እኔ ምን ላድርግ፣ ገጸ ባሕርዬ እንዲህ ነው» ይላል። ክፉ ገጸ ባሕርይን ጨርሶ ልከልክል?

መልስ፦ አይከልክሉ። ክፉ ገጸ ባሕርይ በደንብ ከተያዘ የጠረጴዛው ጌጥ ነው። «ገጸ ባሕርዬ እንዲህ ነው» የሚለው መልስ ግን ግማሽ እውነት ነው፤ ገጸ ባሕርዩን እንዲህ አድርጎ የፈጠረው ሰው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ለብቻው አግኝተው ሁለት ነገር ይጠይቁት፤ ይህ ክፉ ሰው እነዚህን ጓዶች የሚፈልጋቸው ለምንድን ነው፣ የማይነካውስ ማንን ነው? ለሁለቱም መልስ ካጣ የያዘው ገጸ ባሕርይ ሳይሆን እንዳሻው የማድረግ ፈቃድ ነው። ከዚያ በተጨማሪ ሮን ኤድዋርድስ በ2003 ያስተዋወቁትን «መስመርና መጋረጃ» የተባለ ስምምነት ከጠረጴዛው ጋር ያድርጉ። መስመር ማለት በታሪኩ ውስጥ ፈጽሞ የማይነሣ ነገር ነው፤ መጋረጃ ማለት ደግሞ የሚሆን፣ ነገር ግን ዝርዝሩ የማይነገር ነው። ስምምነቱ የአሥር ደቂቃ ንግግር ቢፈጅ ነው።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር የምንጫወተውን ዘመቻ እየቀረጽን ነው። ታሪኩ የራሳችን ፈጠራ ነው፤ የሞቱ ሰዎች ነፍስ በሞተሯ ውስጥ የሚኖርባት ጠፈር መርከብ አለች። በጨዋታው ጊዜ መካኒኳ እስረኛውን ለሞት አሳልፋ የሰጠችበት ትዕይንት ሁላችንንም አስለቅሶናል። ቅጂውን ያደመጡ ሰዎች ግን «ማን ማን እንደሆነ አልገባንም» ይላሉ፤ ያ ትዕይንትም ሳይሰማቸው አልፏል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ የምትሠሩት ከሁለቱ የትኛውን እንደሆነ ወስኑ። የጨዋታ ቅጂ አንድ ነገር ነው፤ አድማጩ የሚወደው ሳቁን፣ ክርክሩንና የዳይሱን ድንገተኛነት ነው። የድምፅ ድራማ ሌላ ነው፤ እንደ አዲስ ይጻፋል፣ ተዋናይም ይፈልጋል። ከደብዳቤዎ እንደምንረዳው እናንተ የምትሹት ሁለተኛውን ሆኖ ሳለ የያዛችሁት የመጀመሪያውን ነው። ስለዚህ ቅጂውን እንደ ጥሬ ዕቃ ቁጠሩትና ጽሑፉን እንደገና ጻፉ።

ያ ትዕይንት ለምን እንዳለፋቸው ከራሴ ገጠመኝ ልናገር። ከዓመታት በፊት ባጫወትኩት አንድ ዘመቻ ውስጥ አንዲት ተጫዋች የጠላት ወታደር ያለበትን ክፍል አየር መዝጋት ወይም አለመዝጋት ነበረባት። ዳይሱን በመዳፏ ጨብጣ ቆየች፤ አውራ ጣቷ በዳይሱ ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለስ ነበር፤ ማናችንም አልተነፈስንም። በመጨረሻ ዳይሱን ሳትጥል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና «አልዘጋም» አለች። ያን ምሽት የቀረጽነውን በማግሥቱ ስሰማው የቀረው ረጅም ዝምታና አንድ የወንበር ሲጥታ ብቻ ነበር። የገጸ ባሕርይዋ ደግነት የታየው በጣቷ ላይ ነበር፤ ማይክሮፎን ደግሞ ጣት አያይም።

እናንተም ምርጫውን ድምፅ ስጡት። መርከቧ ከድራማው የመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ ሁለት የአየር ማስተላለፊያ ይኑራት፤ የአንደኛው ድምፅ ወፍራም፣ የሌላኛው እንደ ደካማ ሰው ትንፋሽ የሚቆራረጥ ይሁን፤ የሚቆራረጠውም በእስረኛው ክፍል ያለው ነው። መካኒኳ በእያንዳንዱ የድራማው ክፍል ትጠግነዋለች፣ ትሰድበዋለች፣ አድማጩም ይለምደዋል። ያ ትዕይንት ሲደርስ መካኒኳ ምንም አትናገር። የብረት መዝጊያ ሲዞር ይሰማ፤ የሚቆራረጠው ድምፅ ያቁም፤ ከዚያ ወፍራሙ ድምፅ ብቻውን ይቅር። ተራኪው «ልቧ ተሰበረ» ብሎ ጣልቃ ከገባ የሠራችሁትን ሁሉ ያፈርስባችኋል። ዝምታ በድምፅ ትረካ ውስጥ የሚሠራው አድማጩ ምን እንደጎደለ ሲያውቅ ነው። ኦርሰን ዌልስ ኦክቶበር 30 ቀን 1938 በአሜሪካው ሲቢኤስ ራዲዮ ባቀረቡት የማርስ ወራሪዎች ድራማ ዘጋቢው ከስፍራው እየተናገረ ሳለ ድምፁ ድንገት ይቋረጣል፤ ለጥቂት ሰከንዶች ምንም አይሰማም። አስፈሪው እርሱ ነው።

ማን ማን እንደሆነ ስላለመታወቁ መድኃኒቱ ቀላል ነው። በአንድ ትዕይንት ውስጥ ከሦስት ወይም ከአራት በላይ ድምፅ አታስገቡ፤ በተመሳሳይ ፊደል የሚጀምሩ ስሞችን ለውጡ፤ አዲስ ሰው በተናገረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ሌላው በስሙ ይጥራው። እያንዳንዱ ተዋናይ በየራሱ ማይክሮፎንና በተለየ ትራክ (የድምፅ መስመር) ይቀረጽ። ስቱዲዮ ከሌለ ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን የክፍሉን ማስተጋባት ይውጠዋል። የድምፁ ጫፍ በመቅረጫው መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆይ ማድረግ ድንገተኛ ጩኸት ተቆርጦ እንዳይበላሽ ይረዳል።

አንድ ነገር ግን ከጨዋታው እንዳትጥሉ አደራ እንላለን። ስትጽፉ ዳይሱ የከሸፈባችሁን ቦታ ሁሉ አቃንታችሁ ለመጻፍ ትፈተናላችሁ። ተዉት። ጀግናው በሩን መክፈት ያቃተው ምሽት ከየትኛውም ጸሐፊ ዕቅድ የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ እንደ መርከባችን ታሪክ ባለ ሳይንስ ፋንታሲ፣ ማለትም ሳይንስና አስማት በተቀላቀሉበት ትረካ ውስጥ አስማቱም ሞተሩም እንዴት እንደሚሠራ መብራራት አለበት?

መልስ፦ ገጸ ባሕርያቱ የሚያውቁትን ያህል ብቻ። በ1980 የታተመ አንድ የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጀብዱ ሰይፍ የታጠቁ ጦረኞችን ተከስክሳ ተራራ ላይ የወደቀች ጠፈር መርከብ ውስጥ ይከታቸዋል። ተጫዋቾቹ ያገኙትን መሣሪያ ምንነት የሚያውቁት እየነካኩት ነው፤ ዳይሱ ክፉ ከወጣ መሣሪያው በእጃቸው ላይ ይፈነዳል። ለጦረኛው የጨረር ጠመንጃው አስማት ነው፤ ለመርከቧ ባለቤቶች ግን የዕለት ዕቃ ነበር። መብራራት ያለበት የኃይሉ ዋጋ ነው፤ በእናንተ ታሪክ ነፍሳቱ መርከቧን ባንቀሳቀሷት ቁጥር ምን ይቀንስባቸዋል? ይህን ካወቃችሁ የሞተሩን ንድፍ ማንም አይጠይቃችሁም።

ጥያቄ፦ የዚያች መርከብ የድምፅ ድራማችን መነሻ የታወቀ ጨዋታ ቢሆን በሕግ እንጠየቃለን?

መልስ፦ በጥቅሉ የቅጂ መብት የሚጠብቀው የተጻፈውን ቃል፣ ሥዕሉንና የተፈጠረውን ዓለም እንጂ የአጨዋወቱን ዘዴ አይደለም። የአምስተኛው እትም ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መሠረታዊ ሕግጋት ሰነድ ደግሞ በጃንዋሪ 2023 በክሪየቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል፤ ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ ለንግድም ቢሆን ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። የአሳታሚውን ከተሞች፣ አማልክትና የታወቁ ገጸ ባሕርያት ግን ሰነዱ ውስጥ ከሌሉ አትንኩ። ነፍስ ያደረባት መርከብ የራሳችሁ ስለሆነች በዚህ በኩል የሚያሰጋችሁ ነገር የለም፤ የምንጩን መጠቀሻ በድራማው ክፍል መግለጫ ላይ ጻፉት።