በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ እና መሀሉ ባዶ የቀረው ወረቀት

ፔንሲልቬኒያ የሚኖር አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል። «በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ 50 ካሊበር፣ ያገለገለ ጠመንጃ ገዛሁ። የበርሜሉ ውስጥ ጥምዝ ቦይ አለው፤ በ48 ኢንች አንድ ዙር ነው። ለጥንቸል ብዬ በአረር ፋንታ ሩብ ጎደል አንድ አውንስ ባለ 6 ቁጥር ደቃቅ የእርሳስ ፍሬ ጨመርኩበት። በ20 ያርድ ወረቀት ላይ ስተኩስ ፍሬው ዙሪያውን ይበተንና መሀሉ ባዶ ይቀራል። ጓደኛዬ ባሩድ ቀንስ አለኝ። ቀነስኩ፤ ለውጥ የለም።»

ወንድሜ፣ ጥንቸሉን ማን ሊበላልህ እንደሆነ አልጠይቅም። ወደ ጠመንጃው እንሂድ።

ጓደኛህ ዝም ብሎ አልተናገረም። መሀል ባዶ የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ባሩዱ በዝቶ፣ ወይም ውታፉ (በባሩዱና በፍሬው መሀል የሚገባው መለያ) ከብዶ፣ ውታፉ ከኋላ እየገፋ ፍሬውን ሰንጥቆ ሲያልፍ ነው። ይሄ ውስጡ ልሙጥ በሆነ ጠመንጃም ይደርሳል፤ ባሩድ ሲቀነስና ውታፍ ሲቀል ይሻላል። አንተ ቀንሰህ ካልተሻለ ግን ጥፋተኛው ሁለተኛው ነው፤ ቦዩ ራሱ።

ስሌቱ ቀላል ነው። የበርሜልህ ስፋት ግማሽ ኢንች ነው፤ ዙሪያው 1.57 ኢንች ይሆናል። ከግድግዳው ጋር የሚሄደው ፍሬ ወደፊት 48 ኢንች ሲጓዝ ወደ ጎን 1.57 ኢንች ይዞራል። በርሜሉ ውስጥ እያለ ግድግዳው ይይዘዋል። ከአፈሙዙ ሲወጣ ማን ይያዘው? በዚያው ወደ ጎን ይሄዳል። ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ማለት ነው። በ20 ያርድ፣ ማለትም 18 ሜትር ላይ፣ ዳር ዳሩ ያለው ፍሬ ከመሀል እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል።

እዚህ ስሌት ውስጥ ባሩድ የለም። ባሩድ ብትጨምር ወደፊት የሚሄድበትም ወደ ጎን የሚሄድበትም ፍጥነት አብሮ ይጨምራል፤ ብትቀንስ አብሮ ይቀንሳል። ማዕዘኑ ያው ነው። እርግጥ ልቅ ፍሬ ቦዩን እንደ አረር ነክሶ አይይዝም፣ ይንሸራተታል። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ጣሪያ ያዘው።

ሩብ ጎደል አውንስ ባለ 6 ቁጥር 170 ፍሬ ገደማ ነው። ይሄ ሁሉ 1.2 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ቢበተን፣ መካከለኛ መጽሐፍ በሚያህል ቦታ ላይ የሚያርፈው አራት ወይም አምስት ፍሬ ነው። እንስሳ አቁስሎ መልቀቅ ይሄኔ ነው የሚመጣው። ርቀቱን በግማሽ ብትቀንሰው ክቡም በግማሽ ይጠባል፤ ፍሬው በዚያው ቦታ ላይ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ በርሜል ከ10 ያርድ አትለፍ። ከዚያ የራቀውን ተወው፣ ይሂድ።

«ፍሬውን የሚይዝ የፕላስቲክ ኩባያ ብጠቀምስ?» ትል ይሆናል። ኩባያው እርሳሱ ቦዩ ላይ እንዳይላላጥ ይጠብቅልሃል። መዞሩን ግን አያስቀርም፤ እንዲያውም እሱ ቦዩን ይዞ ይዞራል። የብረት ፍሬ ደግሞ በፍጹም አትጨምርበት፤ ቦዩን ይፍቀዋል።

ችግሩ ያረጀ ነው። ፎዝቤሪ የሚባል የእንግሊዝ ኮሎኔል በ1885 እ.ኤ.አ. መላ አበጀለት። በርሜሉን ልሙጥ አድርጎ ቦዩን አፈሙዙ ጋ ጥቂት ኢንች ላይ ብቻ ቆረጠ። ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ያንን «ፓራዶክስ» ብሎ ሸጠው፤ አረርም ፍሬም ይተኩሳል። ውብ ጠመንጃ ነው፣ ዋጋው ግን የእኔና የአንተ አይደለም። ላንተ የሚሻለው ለዚያው ሰደፍ የሚገጥም ልሙጥ በርሜል መፈለግ ነው። ለብዙ የዚህ ዓይነት ጠመንጃዎች ይገኛል። አረሩን በአንዱ፣ ፍሬውን በሌላው። ከዚያ በፊት ግን የግዛትህን የአደን መመሪያ እይ፤ ለየትኛው እንስሳ የትኛው መሣሪያ እንደሚፈቀድ ከግዛት ግዛት ይለያያል።

አሁን ያለህን መሞከር ከቀጠልክ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። ከፍሬው በላይ የሚገባው ቀጭን የካርቶን ውታፍ ጥብቅ ይሁን። አንድ ደንበኛ በርሜሉ መሀል ላይ እንደ ዋንጫ ያበጠ ጠመንጃ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ጎርሶ፣ አፈሙዙን ወደ ታች ዘቅዝቆ ሲዞር ውሏል። ውታፉ ላልቶ ፍሬው ወደፊት ተንሸራተተ፤ በባሩዱና በፍሬው መሀል ክፍተት ተፈጠረ። ሲተኩስ በርሜሉ ያን ክፍተት አልቻለውም። ሰውዬው ጣቱም አልተጫረም፤ እድለኛ ነው።

ስለዚህ መጠቅጠቂያው ዘንግ ላይ ምልክት አድርግ። በትክክል ሲጎርስ ዘንጉ እስከየት እንደሚገባ ምልክቱ ያሳይሃል። ከመተኮስህ በፊት፣ እጅህንም ፊትህንም ከአፈሙዙ ፊት አርቀህ፣ ዘንጉን አስገብተህ እይ፤ ምልክቱ ወጣ ካለ አትተኩስ። ባሩዱም ጥቁር ባሩድ ወይም ፋብሪካው የፈቀደው ምትክ ብቻ ይሁን፤ መጠኑ ከመመሪያው አይለፍ። ጭስ አልባውን የዘመኑን ባሩድ ግን አንዲት ቁንጥር እንኳ አታስገባ።