ፀሐይን የማያውቁ ፍጥረታት፦ ስለ ጥልቁ ውቅያኖስ ለጠየቃችሁኝ

ስለ ጥልቁ ውቅያኖስ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እናንተም አልሰነፋችሁም። ብዙ ሰው የጠየቃቸውን መርጬ መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሃዋሳ፦ «ጨረቃን የረገጠው ሰው የውቅያኖስን መጨረሻ ካየው ይበልጣል ይባላል። እውነት ነው?»

ድሮ እውነት ነበር፤ አሁን አይደለም። ጨረቃን የረገጡት 12 ሰዎች ናቸው። ከውቅያኖስ ሁሉ ጥልቁ ቦታ ቻሌንጀር ዲፕ ይባላል። ፓሲፊክ ውስጥ፣ ከጉዋም ደሴት ብዙም ሳይርቅ ይገኛል፤ ወደ 10,900 ሜትር ይጠልቃል። መጀመሪያ የደረሱበት ዣክ ፒካር እና ዶን ዋልሽ ናቸው፤ በጥር 1960 ትሪየስት በተባለች መጥለቂያ (ሰው ይዛ ወደ ባሕር ወለል የምትወርድ መርከብ) ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጣብቀው ወረዱ። ለመውረድ ብቻ 5 ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከ9,000 ሜትር በታች አንድ መስኮት ሲሰነጠቅ ድምፁን ሰምተዋል፤ እንደዚያም ሆኖ አልተመለሱም። ታች የቆዩት 20 ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ የፊልም ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን በ2012 ብቻውን እስኪወርድ ድረስ፣ 52 ዓመት ሙሉ ማንም አልደረሰበትም። ከ2019 ወዲህ የአሜሪካዊው ባለሀብት ቪክተር ቬስኮቮ መጥለቂያ ደጋግሞ መመላለስ ስለቻለ የወረደው ሰው ብዛት ጨረቃን ከረገጠው በለጠ። በ2020 ከወረዱት አንዷ ካቲ ሱሊቫን ናት። እሷ በ1984 ከመንኮራኩር ወጥታ ጠፈር ላይ የተንሳፈፈች ሴት ናት። እኔን ከሁሉም የምታስቀናኝ እሷ ናት።

ከአዳማ፦ «ግፊቱ ብረት የሚጨፈልቅ ከሆነ ዓሣው እንዴት አይጨፈለቅም?»

ምርጥ ጥያቄ። ውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ እላያችን ያለው አየር የሚያሳድርብን ያህል ግፊት ይጨመራል። ቻሌንጀር ዲፕ ስትደርስ ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ከ10 ኩንታል በላይ ክብደት ያርፋል ማለት ነው። መጥለቂያን የሚጨፈልቀው ውስጡ አየር ስላለ ነው፤ ውጭው እየገፋ ውስጡ መልሶ አይገፋም። በ2023 ወደ ታይታኒክ ስብርባሪ ሲወርድ 5 ሰዎችን ይዞ በቅጽበት የተሰባበረው ታይታንም የጠፋው እንዲሁ ነው።

የጥልቁ ዓሦች ብዙዎቹ ግን ሰውነታቸው ውስጥ አየር የለም። ስኔይልፊሽ የሚባለውን እንይ። ቅርፊት የለውም፣ ቆዳው ስስ፣ መልኩ ሐመር፣ ሰውነቱ ልክ እንደ ጄሊ የላላ ነው። በ2022 ከጃፓን በስተደቡብ 8,336 ሜትር ላይ ሲዋኝ በካሜራ ተቀርጿል። ከዚያ በታች ሲዋኝ የተቀረጸ ዓሣ የለም። ዋናው ችግር ሌላ ነው፤ ግፊቱ የሴልን ፕሮቲኖች ቅርጽ ያበላሻል። ዓሣው ይህን የሚቋቋመው ቲማኦ በሚባል ኬሚካል ነው፤ በጠለቀ ቁጥር ይህ ኬሚካል በሰውነቱ ውስጥ ይበዛል። የሞተ የባሕር ዓሣ ሽታው የሚመጣው ይኸው ኬሚካል ሲበሰብስ ነው! ግን እሱም ልክ አለው። ከ8,400 ሜትር ገደማ በታች ለመኖር በቂ ቲማኦ ቢይዝ፣ ሰውነቱ የባሕሩን ውሃ ከመጠን በላይ መሳብ ይጀምራል። ስለዚህ ከዚያ በታች ያለው ግዛት ሽሪምፕ የሚመስሉት አምፊፖዶችና ሌሎች ትናንሽ ፍጥረታት ነው።

ከባሕር ዳር፦ «ፀሐይ ከሌለ ምን ይበላሉ?»

አብዛኞቹ ከላይ የሚወርድላቸውን ይለቅማሉ፤ የሞተ ነገር፣ ኩስ፣ ፍርፋሪ። ከ1,000 ሜትር በታች የፀሐይ ብርሃን የሚባል ነገር አይደርስም። ሳይንሱን የገለበጠው ግን በ1977 የተገኘው ነው። ጂኦሎጂስቶች አልቪን በምትባል መጥለቂያ ጋላፓጎስ አካባቢ ወደ 2,500 ሜትር ወርደው ከባሕሩ ወለል የሚፈልቅ ሞቃት ውሃ ሲፈልጉ፣ ዙሪያውን በሕይወት የተጨናነቀ ሆኖ አገኙት። ቡድኑ ውስጥ አንድም ባዮሎጂስት አልነበረም። ያገኟቸውን እንስሳት ለማቆየት የሚበቃ መድኃኒት ስላልነበራቸው ከፓናማ የገዙትን ቮድካ ተጠቀሙ።

ከእንስሳቱ አንዱ ቱቦ ትል ነው። ነጭ ቱቦ ውስጥ ይኖራል፣ ጫፉ ላይ ደም የመሰለ ቀይ ላባ ይዘረጋል፣ ከ2 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። አፍ የለውም፣ አንጀትም የለውም። ሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ተጠቅመው ምግብ ይሠሩለታል። ለእኛ መርዝ የሆነው ለእነሱ ቀለብ ነው። በ1979 ደግሞ 350 ዲግሪና ከዚያም በላይ የሞቀ፣ ጥቁር ጭስ የመሰለ ውሃ የሚተፉ ጭስ ማውጫዎች ተገኙ። ግፊቱ አፍኖት ነው እንጂ በዚያ ሙቀት መፍላት ነበረበት።

ከሰመራ፦ «ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን?»

ወንድሜ፣ አንተ እኮ እላዩ ላይ ነህ የምትኖረው! ቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የእኛ ስምጥ ሸለቆ የሚገናኙት አፋር ላይ ነው። ጥልቅ ውቅያኖስ ውስጥ ወለሉ ተሰንጥቆ ቅልጥ አለት ሲወጣ አዲስ ወለል ይፈጠራል፤ ይህን ለማየት ብዙ ኪሎ ሜትር መጥለቅ ያስፈልጋል። አፋር ላይ ተመሳሳዩን በእግር ሄደህ ታያለህ። በመስከረም 2005 ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር መሬቱ ተሰነጠቀ፣ በቀናት ውስጥም እስከ 8 ሜትር ተለያየ። ዳሎል ላይ የምናየው ጨው የተረፈው ቀይ ባሕር ቦታውን አጥለቅልቆት ሲመለስ ነው። እዚያ ባሉት እጅግ አሲዳማ ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት አለ ወይስ የለም በሚለው ሳይንቲስቶች እስካሁን ይከራከራሉ።

ቀይ ባሕር ራሱ ጉድ ነው። ሌሎች ውቅያኖሶች በ2,000 ሜትር ጥልቀት 2 ወይም 3 ዲግሪ ሲሆኑ እሱ 21 ገደማ ነው። በሱዳንና በሳዑዲ መካከል ደግሞ አትላንቲስ 2 የሚባል ጉድጓድ አለ፤ ውስጡ ከ60 ዲግሪ በላይ የሞቀ፣ ከባሕር ውሃ ብዙ እጥፍ ጨዋማ የሆነ፣ ብረታ ብረት የሞላው ውሃ ተኝቶበታል።

ከዋሽንግተን፦ «ከባሕር ወለል ኮባልትና ኒኬል ሊወጣ ነው ይባላል። ትደግፋለህ?»

አሁን ባለንበት ዕውቀት፣ አልደግፍም። በሃዋይና በሜክሲኮ መካከል ወለሉ ላይ የተበተኑት ድንች የሚያካክሉ፣ ኮባልትና ኒኬል የያዙ የማዕድን ድቡልቡሎች በሚሊዮን ዓመት የሚያድጉት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። በ1989 ከፔሩ ባሻገር 4,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ተመራማሪዎች ለሙከራ ወለሉን አርሰውት ነበር፤ ከ26 ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩት የማረሻው መስመር እንዳለ ነበር። ካርታው በአግባቡ የተነሣው የውቅያኖስ ወለል ከሩብ ብዙም አይበልጥም። ማን እንደሚኖርበት ሳይታወቅ ይታረስ ማለት አይዋጥልኝም።

ከአዲስ አበባ፣ አንዲት እናት፦ «ልጄ የባሕር ተመራማሪ እሆናለሁ ትላለች። ባሕር በሌለበት አገር ምን ልበላት?»

ትማር በሏት፣ እናቴ። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ ወይም ጂኦሎጂ ትያዝ፤ በሩ የሚከፈተው በእነሱ ነው። አፋርን ያጠና ጂኦሎጂስት ስለ ባሕር ወለል የሚያወራው ብዙ አለው። እስከዚያው ሽሚት ኦሽን ኢንስቲትዩት የተባለው ድርጅት ሮቦቱን ወደ ታች ሲያወርድ በዩቲዩብ በቀጥታ ያሳያል፤ ሳይንቲስቶቹ እያዩ ሲደነቁ፣ ሲከራከሩም ይሰማል። እንግሊዝኛው ቢከብዳት እንኳ አብረዋት ቁጭ ብለው ይዩት።