እኩል ሰዓት፣ እኩል ያልሆነ ውሃ

ጥያቄ፦ ከወንዝ በጠለፍነው ቦይ 40 ጥማድ ሽንኩርት እናጠጣለን። ተራው ለአንድ ጥማድ አንድ ሰዓት ነው፤ ተራውን የሚያስጠብቅ የውሃ አባትም አለን። ከየካቲት ወዲህ ግን ግርጌ ያለነው ማሳችን ሳይጠጣ ሰዓታችን ያልቃል። የራስጌዎቹ “እኩል ተሰጥቷችኋል” ይሉናል። ምን ይሻላል?
አንባቢ፣ ከሰሜን ሸዋ

መልስ፦ ከመከራከር በፊት ለኩ። ራስጌ ላይ ቀጥ ያለ 10 ሜትር ቦይ ምረጡ፤ ሎሚ ጥላችሁ ጊዜውን በስልክ ያዙ። ውሃው ስፋቱ 50፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሎሚው በ40 ሰከንድ ከደረሰ በሰከንድ 25 ሊትር ነው። ላይ ላዩ ከሥሩ ስለሚፈጥን አንድ አምስተኛውን ቀንሳችሁ 20 በሉት። ግርጌም ይህንኑ ድገሙ፤ የውሃ አባቱና የራስጌ ሰዎች ቆመው ይዩ። እዚያ 11 ከሆነ፣ ለግርጌ ጥማድ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይገባል። ሰዓቱም የሚቆጠረው ውሃው ማሳ ሲገባ እንጂ ከጠለፋው ሲለቀቅ አይሁን። አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ከዚህች ነው።

ግማሹ ማሳ ራስጌ፣ ግማሹ ግርጌ ቢሆን ዙሩ 57 ሰዓት ግድም ነው፤ በቀን 12 ሰዓት ብታጠጡ አምስት ቀን። ሽንኩርት ሥሩ አጭር ስለሆነ በበጋ ከሳምንት በላይ ጥም አይችልም። ወንዙ በግማሽ ከቀነሰ ዙሩ አሥር ቀን ይሆናል፤ ያኔ የትኛውም ዳኛ አያስታርቃችሁም። ስለዚህ የሚተከለውን ጥማድ ችግኝ ሳይነሳ፣ በሚያዝያው ውሃ ልክ ወስኑ።

የጠፋው 9 ሊትር ደግሞ ከብት በሚሻገርበት፣ አይጥ በቆፈረበትና ደለል በሞላበት ያልቃል። መሻገሪያውን ድንጋይ አንጥፉበት፤ ቀዳዳውን እርጥብ የሸክላ አፈር እየጠቀጠቃችሁ ድፈኑ። የቦዩ ጠረጋ በአባወራ ሳይሆን በጥማድ ልክ ይመደብ፣ የጠራጊዎቹ ስምም ግርጌ ላይ ይጠራ። ጠለፋው አጠገብ ከተጠራ ራስጌ ያለው የራሱን ጠርጎ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ውሃ የሰረቀን እንቀጣለን፣ ግን በይሉኝታ ገንዘቡ አይሰበሰብም።

መልስ፦ የገንዘብ ቅጣቱን ተዉት። የሰረቀውን ሰዓት ያህል ከሚቀጥለው ተራው ቀንሳችሁ ለተሰረቀበት ሰው ስጡ፤ ባለመብቱ ራሱ ስለሚጠይቅ ይሉኝታው ይቀንሳል። የውሃ አባቱም ከግርጌ ይመረጥ፤ ቦዩን እስከ መጨረሻው በእግሩ የሚከተለው የራሱ ማሳ እዚያ ያለ ሰው ነው።