«ሾተላይ ነው የወሰደብኝ?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። ዕድሜዬ 26 ነው። የመጀመሪያ ልጄን በ8 ወሬ ሞቶ ወለድኩት። ዛሬ 9ኛ ቀኔ ነው። አማቴ ከዘጌ መጥተው «ይሄ ሾተላይ ነው፣ ሥሩን ካልጠጣሽ የሚቀጥለውንም አይምርልሽም» አሉኝ። የክትትል ካርዴ ላይ ደሜ ኦ ፖዘቲቭ ነው ይላል። እኔ ግን ከመውለዴ በፊት በነበረው ሳምንት ኮረኮንች መንገድ ላይ በባጃጅ ስለሄድኩ ይሆን እላለሁ። ጡቴ ወተት ሞልቶ ያመኛል። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ትንሽ ያተኩሰኛል፣ የሚወጣኝ ፈሳሽም ይሸታል፤ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቼ እየወሰድኩ ነው። ባለቤቴ ስለ ልጁ አንስቶ አያውቅም። ደግሜ እወልድ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ልጅሽ የሞተው ባንቺ ጥፋት አይደለም። የጠየቅሽኝ ስለ ሾተላይ ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳሽ ግን ባጃጁ ይመስለኛል። ልጅ በማኅፀን ውስጥ የሚኖረው በውሃ ተከቦ ነው። ኮረኮንች መንገድ አይገድለውም። በዚህ ወር ፅንስ የሚሞተው በእናት ደም ግፊት፣ በስኳር፣ የእንግዴ ልጁ ቀድሞ ሲላቀቅ ወይም በደንብ መመገብ ሲያቅተው፣ በኢንፌክሽንም ነው። እኛ ጣና ዳር ላለነው ወባም አለ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ተመርምሮም ምክንያቱ አይገኝም። አልተገኘም ማለት ጥፋተኛዋ እናት ናት ማለት አይደለም።

አሁን ግን ልቆጣሽ ነው። ትኩሳቱንና ሽታውን ከወተቱ ቀጥለሽ እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰሽ አልፈሻል። እኔን ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። መልእክትሽን እንዳየሁ «አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ» ብዬ መልሼልሻለሁ፤ እዚህ የምደግመው ለሌሎች እናቶች ነው። አራስ ሴት ካተኮሳትና ፈሳሿ ከሸተተ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የማኅፀን ኢንፌክሽን ነው ብለን እናክማታለን። ወደ ደም ከገባ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል። የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ ማንኛውም ክኒን አያወጣውም። ብዙ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። በራስሽ የጀመርሽው አሞክሳሲሊን ትኩሳቱን ትንሽ ያበርደውና ቀን ያባክንብሻል። ሁለት ቀን መጠበቅ ለምን አስፈለገ? ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም እዚያው ከተማሽ ውስጥ ናቸው። በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የአንድ እግር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠርም እንዲሁ ለነገ አይባልም።

ወደ ሾተላይ ልምጣ። ይህ ስም በአገራችን ልጅ ለሞተባት ሁሉ ይለጠፋል። ልጁ በምንም ይሙት፣ እሷ «ሾተላይ ያለባት» ተብላ ትቀራለች። ስሙ እየተከተላት ከባሏ የተለያየች ሴት አክሜያለሁ። ምርመራ ስትደረግ ችግሯ የደም ግፊት ነበር።

ሐኪም ሾተላይ ሲል የእናት ደም ኔጋቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣውን ችግር ማለቱ ነው። የእናት ሰውነት የልጁን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋዋል። እሱም አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ልጅ አይነካም፣ ተከታዮቹን ነው የሚጎዳው። አንቺ ፖዘቲቭ ነሽ። ስለዚህ ይሄ ሾተላይ አንቺን አይመለከትሽም። በቃ።

ኔጋቲቭ ለሆነች እናትም መከላከያው አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ነው። በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ትወጋለች፤ ልጁ ሞቶ ቢወለድም ትወጋለች። «ልጄ ከሞተ ወዲያ ምን ያደርግልኛል» ብለው ሳይወጉ የሚወጡ አሉ። የሚቀጥለውን ልጅ የሚያድነው እኮ እሱ ነው! 72 ሰዓቱ ካለፈም እስከ 10ኛው ቀን ሊጠቅም ስለሚችል ሂዱና ጠይቁ።

ሥሩን አትጠጪ። መጠኑን የሚያውቅ የለም፣ ጉበትና ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። አማትሽ ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እሳቸውም የልጅ ልጅ ነው የሞተባቸው። ካርድሽን አሳዪያቸውና አብራችሁ አንብቡት። ጠበል የሚያጽናናሽ ከሆነ ትኩሳቱ ከታከመ በኋላ ሂጂ።

ሌላው፣ አንቺ አራስ ነሽ። ልጅ ስላላቀፍሽ አራስነትሽ አልቀረም። ገንፎውም፣ አጥሚቱም፣ ዕረፍቱም ይገባሻል። በ9ኛ ቀንሽ ምጣድ ላይ ሊያቆምሽ የሚገባ ሰው የለም። ለጡትሽ ደገፍ አድርጎ የሚይዝ የጡት ማስያዣ ልበሺ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ያዢው። ሲወጥርሽ እፎይ እስክትይ ብቻ ትንሽ አልቢ፤ ብዙ ካለብሽው ወተቱ ይጨምራል። ፓራሲታሞል መውሰድ ትችያለሽ። ወተት የሚያደርቅ ክኒን ግን ያለ ሐኪም አትግዢ፣ በተለይ ግፊት ከነበረብሽ።

ባልሽ ዝም ያለው ስላልከፋው አይመስለኝም። ላልተጠመቀ ሕፃን ብዙ ጊዜ ድንኳን አይጣልም፤ ጎረቤትም «ወጣት ናችሁ፣ ትወልዳላችሁ» ብሎ ይሄዳል። አባት የሚያለቅስበት ቦታ ያጣል። አንቺ ጀምሪለት። ስም አውጥታችሁለት ከነበረ በስሙ ጥሩት። ማልቀስ አያሳብድም፣ አልቅሺ። ሁለት ሳምንት አልፎም እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለ፣ ወይም ከሁለታችሁ አንዳችሁን «ሞቼ ባረፍኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣበት ግን በዚያው ቀን ለሐኪም ንገሩ።

ደግሞ መውለድ? አዎ። እንዳንቺ ያሉ አብዛኞቹ እናቶች ቀጥሎ ሕያው ልጅ ይወልዳሉ። ግን አሁን አይደለም። ስለማታጠቢ ከ3 ሳምንት በኋላ ጀምሮ ልታረግዢ ትችያለሽ፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ስለዚህ ከወዲሁ መከላከያ ጠይቂ። ቢያንስ 6 ወር ቆዩ፤ በኦፕራሲዮን ከወለድሽ ከዚያ ይበልጣል። በ6ኛው ሳምንት ከባልሽ ጋር ሆነሽ፣ ከሆስፒታል የተሰጠሽን ወረቀት ይዘሽ ለምርመራ ሂጂ። ግፊት፣ ስኳርና ቂጥኝ ይታዩልሽ። ፎሊክ አሲድ ከማርገዝሽ ቢያንስ 1 ወር በፊት ጀምሪ። ስታረግዢም የዚህን ልጅ ነገር በመጀመሪያው የክትትል ቀን ተናገሪ፤ የፅንሱ እንቅስቃሴ የቀነሰ ከመሰለሽ ሳታሳድሪ ሂጂ።