ማን ይገባል? ማን ውጪ ይቆማል?

በቅርቡ ስለ ገጠር ቀበሌዎች የእሳት አደጋ ፈቃደኞች ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። ከወንጂ፣ ከአዋሽ መልካሳ፣ ከወለንጭቲ፣ ከአዳማም። በጋው ገብቷል። የአዳማን ንፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጭድ ክምር ላይ የወደቀች ፍም ምን እንደምታደርግ ለእናንተ አልነግርም። የተደጋገሙትን ጥያቄዎች አሳጥሬ አቅርቤያለሁ።

ጥያቄ፦ በእድራችን 30 የሚሆኑ ወጣቶች እሳት ለማጥፋት በፈቃዳቸው ተመዝግበዋል። ጥቂት ገንዘብም አለን። መጀመሪያ ምን እንግዛ? (የእድር ጸሐፊ፣ ወንጂ አካባቢ)

ለጊዜው ምንም አይግዙ። መጀመሪያ አንድ ወረቀት ይጻፉ። ወረቀቱ ላይ «ይህ ቡድን ይህን ይሠራል፣ ይህን ግን አይሠራም» የሚል ይስፈር።

ካናዳ ውስጥ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። ገጠሩ ሰፊ ነው፤ እዚያ እሳት የሚያጠፋውም በአብዛኛው በጎ ፈቃደኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት የሥልጠና መመሪያ አገልግሎቱን በ3 ደረጃ ከፍሎታል። የመጀመሪያው ከውጪ ብቻ የሚሠራ ቡድን ነው። ገዳይ ጭስ ወዳለበት ቤትም ሆነ መኪና ውስጥ አንድም ሰው አይገባም። ሁለተኛው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ግን እንደ መኖሪያ ቤት ያሉ ቀለል ያሉትንና ቀድመው አይተው ዕቅድ ያወጡላቸውን ሕንፃዎች ብቻ ነው። ሦስተኛው ሙሉ አገልግሎት ይሰጣል። ሥልጠናው እንደ ደረጃው ይለያያል።

እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ደረጃውን የሚወስነው የቡድኑ አለቃ አይደለም፤ ከሁሉ ደፋር የሆነው ልጅም አይደለም። አገልግሎቱን ያቋቋመው የአካባቢው አስተዳደር ነው። ወጪውም ኃላፊነቱም የእሱ ነዋ! ስለዚህ ቀበሌውና የእድሩ ኮሚቴ አብረው ቁጭ ይበሉ። ከከተማው እሳት አደጋ አንድ ምራቁን የዋጠ ባለሙያ ይጋብዙ፣ ይወስኑ፣ ይፈርሙ።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ «ከውጪ ብቻ» ብላችሁ ጀምሩ። እሳቱ ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር መከላከል፣ ከብት ፈትቶ ማውጣት፣ ጭዱን ከቤቱ ማራቅ፣ መብራት ኃይል ደውሎ መስመሩን ማስቆረጥ፣ መኪናው ሲመጣ ውሃው የት እንዳለ ማሳየት። ይሄ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ይህን ከወሰናችሁ ግዢው ቀላል ይሆናል፦ አካፋ፣ ዶማ፣ ባልዲ፣ ጓንት፣ ጠንካራ ቦት ጫማ፣ የሳር ክዳን መጎተቻ መንጠቆ ያለው ረጅም እንጨት።

ጥያቄ፦ ውስጥ ሰው እየጮኸ እኔ ውጪ ልቆም ነው የምፈርመው? ይሄማ ነውር ነው። (ከተመዝጋቢዎቹ አንዱ)

ወንድሜ፣ አንጀትህ እንደማይችል አውቃለሁ። ግን ስለ ጭሱ እንነጋገር። በቤት ቃጠሎ ሰው በብዛት የሚሞተው በነበልባሉ ሳይሆን በጭሱ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። አፍህ ላይ ያሰርከው እርጥብ ፎጣ አያግደውም። በዚያ ላይ ዛሬ ገጠር ቤትም የስፖንጅ ፍራሽ ገብቷል፣ ሶፋም አለ። ስፖንጅ ሲነድ ጭሱ ሳያናይድ ጭምር ይዟል፤ ክፍሉም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ባንዴ ቦግ ሊል ይችላል። ጉልበት እዚህ ቦታ አይሠራም።

አሜሪካኖቹ የመተንፈሻ አየር ጋን (ሲሊንደር) ያዘሉ ሁለት ሰዎች ወደ ውስጥ ሲገቡ ሌሎች ሁለት እንደነሱው ለብሰው ውጪ እንዲጠብቁ በሕግ ያስገድዳሉ። ሕይወት ለማዳን ሲሆን ሕጉ የተወሰነ መላወሻ ይሰጣል። እሱም ቢሆን ልብሱና ጋኑ ላላቸው፣ ለሠለጠኑ ነው። አንተ ነጠላ ጫማ አድርገህ ብትገባ የምናወጣው አንድ ሰው መሆኑ ይቀርና ሁለት ይሆናል።

ውጪ መቆም ማለት ደግሞ እጅ አጣጥፎ ማየት አይደለም። ሰውየው ያለበትን ክፍል ጠይቅ። በመስኮቱ በኩል ስሙን ጥራ፣ ወደ ድምፅህ ይምጣ። የጭቃ ቤት ከሆነ እሳቱ ካለበት በተቃራኒ፣ ሰውየው ባለበት በኩል ግድግዳው በዶማ ይፈርሳል። አራት ጎረምሳ ቢረባረብበት ጊዜ አይፈጅም። ሌላውን በርና መስኮት ግን ያለ ምክንያት አትበርግዱት፤ ለእሳቱ አየር ማቀበል ነው። ይህን ተለማመዱት። ፊርማው ላይ ያለው «አልገባም» ብቻ እንዳይሆን፣ ከውጪ የሚሠራውም ይዘርዘር።

ጥያቄ፦ በስንት ደቂቃ ብንደርስ ነው ደህና የሚባለው?

የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር ለፈቃደኛ ቡድኖች ያወጣው ደረጃ አለ፤ ቁጥሩ 1720 ነው። ለገጠር የሚለው 6 ሰው፣ በ14 ደቂቃ፣ ከ100 ጥሪ 80ው ላይ ነው። ሰው በብዛት ለሚኖርበት ከተማ ደግሞ 15 ሰው በ9 ደቂቃ፣ ከ100ው 90 ላይ። ሁልጊዜ እንደማይሳካ ደረጃው ራሱ ቆጥሮታል፤ ይሄ ሐቀኝነቱ ደስ ይለኛል።

ቁጥሩን ግን ቀድታችሁ ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። የራሳችሁን ለኩ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ለልምምድ ይንፋ፤ ለእሳት የሚነፋው ከሞት ጥሪ የተለየ ይሁን፣ አለዚያ መንደሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። አንድ ሰው ሰዓት ይዞ ይመዝግብ፦ ጥሩምባው የተነፋበትን፣ የመጀመሪያዎቹ 4 ሰዎች የደረሱበትን፣ የመጀመሪያው ውሃ የፈሰሰበትን። አንዴ በገበያ ቀን፣ አንዴ በሌሊት፣ አንዴ አጨዳ ላይ ሞክሩት። በገበያ ቀን መንደሩ ውስጥ የቀሩት ሽማግሌና ሕፃናት ብቻ ከሆኑ ይሄ መታወቅ ያለበት አሁን ነው።

በነገራችን ላይ፣ ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁልኝ 939 የአዲስ አበባ ቁጥር ነው። የአዳማውን ከወዲሁ ጠይቃችሁ በየቤቱ በር ላይ ጻፉ። አለዚያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጥያቄ፦ የስንት ቀን ሥልጠና ይበቃል? የፈረሰ ቤት አቃጥለን ብንለማመድስ? (መምህር፣ አዋሽ መልካሳ)

መምህር፣ እርስዎ ተማሪ በመገኘት ብቻ እንደማያልፍ ያውቃሉ። ይሄም እንደዚያው ነው። ቀን አይቁጠሩ፣ ይፈትኑ። ልጁ ዓይኑ ታስሮ ሁለት የውሃ ቱቦ ያገጣጥማል? ጫፉን ሲይዝ ውሃው ሲመጣ እንደሚገፋው ያውቃል? ከኋላው የሚደግፈው ሰው አለ? የንፋሱን አቅጣጫ አይቶ የት እንደሚቆም ይናገራል? የሚያነደው ዘይት ከሆነ ውሃ እንደማይደፋበት፣ የመብራት መስመሩ ካልተቋረጠ ኤሌክትሪክ ላይ ውሃ እንደማይረጭ በቃሉ ሳይሆን በእጁ ያሳይ። ያለፈውን በመዝገብ ይጻፉ፦ ስም፣ ቀን፣ የተፈተነበት ነገር፣ የፈታኙ ፊርማ። ነገ አንድ ልጅ ቢጎዳ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሠልጥኖ ነበር?» ነው።

ቤት ማቃጠሉን ግን ይተዉት። እ.ኤ.አ. በ2001 በኒውዮርክ ግዛት ሌርድስቪል በምትባል መንደር የፈቃደኞች ቡድን አሮጌ ቤት ውስጥ ልምምድ አደረገ። ገና ጀማሪ የሆነ የ19 ዓመት ልጅ «ተጎጂ ሁን» ተብሎ ፎቅ ላይ ተቀመጠ። እሳቱ ከቁጥጥር ወጣና ልጁ ሞተ። ልምምዱን የመራው ሰው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው። በእሳት ልምምድ ሕይወት ያለው ሰው ተጎጂ ሆኖ እንዳይቀመጥ የሚከለክል ደረጃ ያኔም ነበር፤ የተከተለው አልነበረም እንጂ። ልጆቹ እሳት ይልመዱ ካሉ ሜዳ ላይ፣ ንፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ጉድጓድ ውስጥ ትንሽ ጭድ ይበቃል።

ጥያቄ፦ እኛ ሴቶች ልንመዘገብ ስንል «እናንተ ቡና ታፈላላችሁ» ተባልን። (ወለንጭቲ)

ቡናውን እነሱ ያፍሉ። ወንዱ እርሻና ገበያ ሲውል መንደሩ ውስጥ ማን ነው ያለው? ተመዝገቡ። ጓንቱና ቦት ጫማው በእናንተ ልክ ይገዛ ዘንድ ቁጥራችሁን አስመዝግቡ።

ጥያቄ፦ ከውጭ አገር ያገለገለ የእሳት አደጋ መኪና ሊለግሱን ነው። እንቀበል?

ሦስት ነገር ጠይቁ። የቱቦው ማያያዣ ከተማችን ካለው ጋር ይገጥማል? በዓለም ላይ የማያያዣ ዓይነት ብዙ ነው፤ ካልገጠመ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቆሞ መረዳዳት አይችልም። መለዋወጫው እዚህ ይገኛል? መንገዱና ድልድዩስ ይችለዋል? 3,000 ሊትር ውሃ ብቻውን 3 ቶን ነው። መልሱ «እናያለን» ከሆነ አመስግናችሁ ገንዘቡን ለፓምፕ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በጅቡቲ መንገድ የነዳጅ ቦቴ ሲገለበጥ ሰው ጄሪካን ይዞ ሆ ብሎ ይወጣል። የእኛ ቡድን ምን ያድርግ?

ማጥፋት የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ሰው ማራቅ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ቦይ ውስጥ ይተኛል። የባጃጅ ሞተርም፣ ሲጋራም፣ ስልክ ይዞ ፎቶ ለማንሳት የተጠጋ ሰው የረገጠው ብረትም ሊያስነሳው ይችላል። ቦቴው እየነደደ ከሆነ የሰሜን አሜሪካ አገሮች የአደጋ ጊዜ መመሪያ በሁሉም አቅጣጫ 800 ሜትር ራቁ ይላል። ንፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቁሙ፣ መንገዱን በሁለቱም አቅጣጫ ዝጉ፣ ደውሉ። ጄሪካን የያዘው ዘመድ ቢሆንም ይመለስ።

ጥያቄ፦ ፈቃደኛ ከሆኑ አበል ለምን ይጠይቃሉ? (የቀበሌ ሠራተኛ)

አበሉን ለጊዜው ይተዉት፤ ሕክምናውን ማን ይችላል? ጀርመን ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ፈቃደኛ አለ። በሥራ ሰዓት ለእሳት ሲጠራ ደመወዙ አይቆረጥም፤ አሠሪው ይከፍላል፣ የአካባቢው አስተዳደር ለአሠሪው ይተካል። እኛ እዚያ አልደረስንም። ግን በእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ላይ «በእሳት ማጥፋት ሥራ ለተጎዳ አባል የሕክምናውን ወጪ እድሩ ይሸፍናል» የሚል አንድ አንቀጽ መጨመር የአንድ ስብሰባ ጉዳይ ነው። የቀን ገቢው የቀረበትን የቀን ሠራተኛም እዚያው አስቡበት። ጸሐፊው የሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ላይ ያስገቡት።