ስልክ በጮኸ ቁጥር ለምትደነግጪው እህቴ

"በአንድ ዓመት ሦስት ሰው ቀበርኩ፣ ስልክ ሲጮህ ልቤ ቀጥ ይላል፣ እያበድኩ ይሆን?" ብለሻል። አላበድሽም። እኔም በ14 ወር ውስጥ እናቴን፣ ታላቅ ወንድሜንና የልጅነት ጓደኛዬን አጥቻለሁ። "በርቺ" ያለሽ ሰው ስለማይጠፋ እሱን ልለፈው።

1. አንድ ጊዜ ተመርመሪ። ልብ፣ ደም ማነስ፣ ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለችው ዕጢ)። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛም ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ግን አንዴ ካጣራሽ ይብቃሽ። እኔ አራት ሐኪም ጋ ሄጄ አራት ጊዜ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነሳሁ። አራተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ምንም የለብሽም፣ ቀጣዩን ጥሪልኝ" አለኝ። ምንም የለብሽም! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። በኋላ ያገኘኋት የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን መጀመሪያ "ማን ማን ሞተብሽ? ስማቸውን ንገሪኝ" አለችኝ። የእናቴን ስም ጠራሁ። ወንድሜ ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ። እሱ የሞተው ከእሷ 5 ሳምንት በኋላ ነበር። ለካ ለእሱ ተራ አልሰጠሁትም፣ ሁሉንም በእናቴ አልቅሼዋለሁ። ሦስቱንም ለየብቻ አልቅሺያቸው።

2. ሰው የሰጠሽን ማረጋጊያ ኪኒን አትዋጪ። አንዳንዱ በሳምንታት ውስጥ ሱስ ያስይዛል፣ ድንገት ማቆሙም አደገኛ ነው። ሐኪም ካዘዘልሽ ሌላ ነገር።

3. እየደወልሽ አታጣሪ። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። የቀረችኝ አንድ እህት ናት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እደውልና "ተኝተሽ ነው?" እላለሁ። ድምጿን ስሰማ ለሃያ ደቂቃ እፎይ እላለሁ፣ ከዚያ ያው ነው። ጭንቀቱ የሚጠግብ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እኔው ነኝ የምቀልበው። አንድ ሌሊት "አንቺ በደወልሽ ቁጥር እኮ ማን ሞተ ብዬ ነው የምነሳው" አለችኝ። አፈርኩ። ሕመሜን አጋብቼባታለሁ።

ማታ ማታ አንዴ ብቻ ልደውል ተስማማን። የመጀመሪያው ሳምንት ሲኦል ነበር። ስልኩን ሌላ ክፍል ቆልፌበት፣ ድንጋጤው ሲመጣ ቁጭ ብዬ ሰዓት አይ ነበር። ብዙ ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ኪኒን አይደለም፣ ብኮራበት አይፈረድብኝም።

4. "የትኛው የሐዘን ደረጃ ላይ ነሽ?" የሚልሽ ከመጣ አትስሚው። አምስቱ የሐዘን ደረጃዎች የሚባሉት (መካድ፣ ንዴት፣ ድርድር፣ ድባቴ፣ መቀበል) መጀመሪያ የተነገሩት ራሳቸው ሊሞቱ ስለተቃረቡ ሕመምተኞች ነው። ሐዘኑ ከ6 ወር በኋላም ሥራሽንና ኑሮሽን ካስቆመው ግን ባለሙያ ጋ ሂጂ። የሞቱብኝ ሰዎች ጋ ልሂድ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ነገ አትበዪ፣ ዛሬውኑ ለሰው ተናገሪ።

ትናንት ማታ መደወሉን ረሳሁት። ጠዋት እህቴ ራሷ ደወለች። "አለሽ?" ብላ ሳቀችብኝ።